ጠላ የሌለበት ጠላ ቤት

ሞጣ ላይ የት ይበላል፣ የት ይጠጣል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እስከ ዛሬ አልጠፋም። በወጣትነቴ ከቤት ቤት እየዞርኩ ድስት መክፈት፣ ብርሌ ማሽተትና የሰው ጓዳ መግባት ሥራዬ ስለነበር፣ ዘመዶቼ በዚያ በኩል መንገድ ሲነሡ መጀመሪያ የሚያማክሩት እኔን ነው። እኔም ደስ እያለኝ እነግራቸዋለሁ። ስለ አንድ ቤት ግን እንዲህ በቀላሉ አላወራም። ዛሬ ስለዚያች ቤት ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

የሻረግ እባላለሁ። ጊዜው የደርግ ዘመን፣ ወጣት ከገበያና ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ጦር ግንባር የሚላክበት ወቅት ነበር። እኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ ቢቸና የተመደብኩ ሳኒታሪያን ነበርኩ፤ የምግብና የመጠጥ ቤቶችን ንጽሕና የምቆጣጠር ማለት ነው። ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ደብተር በብብቴ ይዤ ብቅ ስል የቢቸና ባለ ጠጅ ቤቶች የታጠበውን ብርሌ እንደገና ማጠብ ይጀምራሉ። ይህ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ነገርን ቶሎ መቁረጥ፣ «አለቀ» ብሎ መዝጋት የምወድ ሰው ነበርኩ።

በቤታችንም አንድ ነገር ዘግቼ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ምንይችል በግ ሊሸጥ ገበያ እንደወጣ ታፍሶ ሄደ። ሁለት ዓመት ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ከዚያ እግሩን ተመትቶ የተመለሰ አንድ ያገር ልጅ «የእነሱ ጦር አለቀ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለን። በዓይኑ አላየም። እናቴ እንቅልፍ አጥታ፣ ከሰው ተለይታ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር በር የምትከፍት ሆና ነበርና እኔ ተነሣሁ። «ይህን በሆዷ ይዛ ልትሞት ነው፤ ልቅሶው ይውጣላት» ብዬ ዘመድ አስተባበርኩ። ተለቀሰ፣ ተዝካሩም ተበላ። እናቴ የታዘዘችውን ሁሉ አደረገች። ከዚያ በኋላ በር መክፈቱንም ተወችው። እኔ መልካም የሠራሁ መስሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በዚያው ዓመት ከበላይ ትእዛዝ መጣልኝ። ሞጣ ላይ ስብሰባ ስላለ ሠላሳ ያህል እንግዶች ከየቦታው ይመጣሉ፤ የከተማዋን ቤቶች አይቼ እንግዶቹ የሚበሉባቸውንና የሚጠጡባቸውን እንድመርጥ፣ የማይሆኑትን ደግሞ እንድለይ ተባልኩ። የሞጣው ባልደረባችን ለትምህርት ሄዶ ነበር። ማክሰኞ በእህል ጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ፣ ደብረ ወርቅንና ጉንደ ወይንን አልፌ፣ ሰውነቴ ሁሉ አቧራ ሆኖ ሞጣ ገባሁ።

ረቡዕ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ይርጋ መጣ። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። «ጓድ የሻረግ፣ ሞጣን በሆድሽ ነው የምታውቂያት» አለኝ፤ እውነትም እንዲያ ሆነ። ከአሮጌው ገበያ ጥግ ጀመርን። ረቡዕ ስለሆነ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ተዘግቷል፤ በመስጊዱ በኩል ያለው የእስላሞቹ ሥጋ ቤት ግን ተከፍቶ ሥጋው ተሰቅሏል። ሁለቱንም አየሁ፤ የእስላሞቹ የዝንብ መከላከያ መጋረጃ ስለነበረው በደብተሬ ላይ አንደኛ አደረግሁት። ይርጋ ቅር ሲለው አየሁና ሳቄን ዋጥኩ። ከዚያ ሻይ ቤቱን፣ ሁለቱን ጠጅ ቤቶች፣ ሽሮ የሚሸጡትን መበለት ቤት ዞርን። የመበለቲቱ ሽሮ ሲንተከተክ ሽታው ከውጭ ይጠራል። ጾም ስለነበርኩ ሳልቀምስ በመዓዛው ብቻ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩላቸው።

በየመንገዱ ሳልፍ እንጨቶቹን ቆጠርኩ። እንደምታውቁት በእኛ አገር ጠላ የደረሰለት ቤት በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍቶ በሩ ላይ ይተክላል። ጽሑፍ አያሻውም፤ የጠማው መንገደኛ ጣሳውን አይቶ ይገባል። ይርጋ ስለ እንጨቶቹም ትእዛዝ ነበረው። «ጠላ ሳይኖራቸው ጣሳ ሰቅለው የሚተዉ አሉ። እንግዳ ገብቶ የለም ሲባል ለከተማችን ነውር ነው። ጠላ የሌለው ቤት እስከ ዓርብ እንጨቱን ይነቅላል፤ የትኛው እንደሆነ አንቺ በዝርዝርሽ ትነግሪናለሽ» አለኝ። ቀላል ሥራ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይርጋ ለምሳ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔም ጾሜን ልፈታ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ጠባብ መንገድ ስወርድ አንድ ከሁሉም ከፍ ያለ እንጨት አየሁ። ጫፉ ላይ ጣሳ ሳይሆን ሰማያዊ የብረት ጆግ ተደፍቷል። ዘው ብዬ ገባሁና መደብ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቤቶች! እስቲ አንድ ጠላ ቅዱልኝ» አልኩ።

አምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጠይም፣ ረጋ ያሉ ሴት ከጓዳ ወጡ። ምንም ሳይሉ እጄን አስታጠቡኝ። ቀጥሎ በጣሳ ውሃ መጣ። ቀጥሎ እንጀራ በስልጆ ቀረበልኝ። ሰናፍጩ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ፣ ዓይኔ እንባ ሲያቀርር፣ እሳቸው ቆመው ያዩኛል። ሁለተኛ ጣሳ ውሃ ጠጣሁ። ጠግቤ ቀና ስል ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ።

«ጠላውስ እትዬ?»

«ጠላ የለም ልጄ። ስሜ ትርንጎ ነው።»

«ታዲያ መጀመሪያ አይነግሩኝም?»

«የጠማው ሰው ገብቶ የለም ይባላል እንዴ? ውሃ አለ፣ የሚቀመስ አለ።»

«ጆጉ ግን ተሰቅሏል!» አልኩ፤ የቁጥጥር ድምፄ መጣ። «ጠላ ከጠመቁ ስንት ጊዜዎ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉ።

ደብተሬን አወጣሁ። እትዬ ትርንጎ ደብተሩን አዩት፤ ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ጆጉን የሰቀለው ልጄ ነው፤ አበረ» አሉ። «ያኔ ከላይኛው መንገድ ነበር ቤታችን። ሌላው ሁሉ ጣሳ ነው የሚሰቅለው፤ የእኛ ይለይ ብሎ ይህን ሰቀለ። ታፍሶ ከሄደ በኋላ ክረምቱ ያንን ቤት አፈረሰብኝ። ይህ የእኅቴ ቤት ነው። ስገባ ሌላ ነገር ሳላስገባ እንጨቱን ተከልኩ።»

«ቢመጣ እኮ ሰው ጠይቆ ያገኝዎታል።»

«አበረን አታውቂውም። አይጠይቅም። ቤቱ ፈርሶ ሲያይ እናቴ ሞታለች ብሎ አንገቱን ደፍቶ በመጣበት ይመለሳል። እኔ የምፈራው ይህንን ነው። ከገበያው ጥግ ቁሞ ሲያይ ግን ይህ ጆግ ይታየዋል፤ ሄጄ ቁሜ አይቻለሁ፣ ይታያል።»

«እሺ፣ ታዲያ ለምን አይጠምቁም? ጠላ ካለ ማን ምን ይልዎታል?»

ደብተሬን እንደገና አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። አበረ በሄደ ማግሥት ለጊዮርጊስ ተስለዋል። ልጄ በሰላም እስኪገባ ድረስ ጌሾ ቤቴ አይገባም ብለዋል። ጠላ ለእሳቸው ደስታም እንጀራም ነበርና የሚሰጡት ከዚያ የሚበልጥ አልነበራቸውም። አሁን የሚኖሩት በርበሬና ሽሮ ለሰው እያዘጋጁ ነው።

ከቤቱ ስወጣ ስለ እሳቸው ደብተሬ ላይ ምንም አልጻፍኩም ነበር። በዚያች ሌሊት ያደርኩበት ቤት አልጋ ላይ ተጋድሜ ምንይችልን አሰብኩት። እውነቱን ለመናገር ተዝካሩ ከወጣ ወዲህ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ዝርዝሩን አነበብኩ። ይርጋ እየሰማ መፋቂያውን ያዟዙራል። የሚነቀሉትን እንጨቶች ስጠራለት በጣቱ ቆጠረ፤ አምስት ነበሩ።

«የትርንጎስ?» አለኝ።

አንደበቴ ቀደመኝ። «የእሳቸው አይነቀልም። ጠላቸውን ቀምሻለሁ፤ ከሞጣ አንደኛ ነው» አልኩ።

ይርጋ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ለረጅም ጊዜ አየኝና ፊቱ በራ። «ጠመቀች? እግዚአብሔር ይመስገን። የትርንጎን ጠላ የቀመሰ ሰው ሌላ አይወድም ነበር እኮ። እንግዲያው ጥሩ፤ ቅዳሜ ከስብሰባው በኋላ እንግዶቹን በሙሉ እሷ ዘንድ ነው የምወስዳቸው።»

 ውሸቴ ለአንድ እንጨት ነበር፤ ይርጋ ሠላሳ ሰው አመጣበት። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ያን ጊዜም እንደ ልማዴ ነገሩን በአንድ ቃል የምዘጋው መስሎኝ ነበር። ስለት ደግሞ ምን ይመስለኝ ነበር መሰላችሁ? ከሁለት ዓመት በኋላ ቄስ አናግሮ የሚለወጥ ትንሽ ነገር።

ሌሊት ዘንቦ ስላደረ ጭቃ እየረገጥኩ ሄጄ ለእትዬ ትርንጎ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ማን ላከሽ ልጄ?» አሉኝ። «እኔ ውሃ አጠጣሁሽ እንጂ ዋሺልኝ አልኩሽ?»

«እንዳይነቅሉብዎት ብዬ ነው።»

«ጌሾ ካስገባሁ ልጄን በእጄ ከለከልኩት ማለት ነው። ካላስገባሁ ቅዳሜ ሠላሳ ሰው ባዶ ቤት አይቶ ይወጣል፣ ያኔም ይነቀላል። አንቺ ባትመጪ ምናልባት ይርጋ ዝም ይለኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ዝም እንዳለኝ።»

ይህን ብለው ነጠላቸውን አጠበቁና ወደ ውጭ ወጡ። ተከተልኳቸው። እንጨቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ሌላ ሰው ከሚነቅለው እኔ ልንቀለው» አሉ። ነቀነቁት። መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ስለነበር እንጨቱ ላላ፤ ጆጉ ከላይ ተንኳኳ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ግንባራቸውን እንጨቱ ላይ አስደግፈው ቆሙ፤ መንቀልም መተውም አቃታቸው።

ያን ጊዜ ነው እኔ ያለቀስኩት። ለተዝካሩ ያላለቀስኩትን። «እትዬ፣ እኔ የወንድሜን ነቅዬዋለሁ» አልኩ። ምን እንዳልኩ ለራሴም አልገባኝም ነበር። የምንይችልን ነገር፣ ወሬ ብቻ ሰምተን እንዴት እንዳስለቀስኩ፣ እናቴ በር መክፈት እንዴት እንደተወች፣ ሁሉንም እዚያው መንገድ ላይ ዘረገፍኩት።

እትዬ ትርንጎ እንጨቱን ሳይለቁ ሰሙኝ። ስጨርስም አላጽናኑኝም። «ሬሳ ሳታዩ?» ብቻ አሉ።

የጎረቤት በር ተከፍቶ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ወጣች። ጨውና ቅመም የምትነግደው ዘሃራ ናት፤ ከእትዬ ትርንጎ ጋር በአንድ አጥር ነው የሚኖሩት። ጩኸታችን ሁሉ ተሰምቷታል።

«ትርንጎ፣ ልቀቂው እንጨቱን» አለች። «ስለትሽን ስትሳዪ አጠገብሽ ማን ነበር? እኔ አይደለሁ? ጌሾ አይገባም ነው ያልሽው። እንግዳ አይገባም አላልሽም።»

«ያለ ጌሾ ምን ሊጠጡልኝ ነው?»

«ቀሪቦ እንጠምቃለን፤ ጌሾም ስካርም የለውም። እኛ ቤት ለዒድ ምን ስትጠጪ ኖረሻል?»

እትዬ ትርንጎ እንባቸውን ጠረጉ። «ቀሪቦ የልጆች መጠጥ ነው፤ እነ ይርጋ ይስቁብኛል» አሉ።

«ይሳቁ! ስቀው ይጠጡታል፣ ወላሂ። ገብሱ አንቺ ጋ አለ። ስኳሩ ከእኔ።»

ስኳር በዚያ ዘመን ምን እንደነበር የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ። በቀበሌ ካርድ ተሰልፎ የሚወሰድ ነገር ነው። ዘሃራ ለዒድ ብላ በትንሽ በትንሹ ያጠራቀመችውን ሙሉ ቆርቆሮ አምጥታ እትዬ ትርንጎ እጅ ላይ አስቀመጠች። እትዬ ትርንጎም እንጨቱን ለቀው ቆርቆሮውን ያዙ።

ወዲያው ሥራ ተጀመረ። የገብሱን ዱቄት አቡክተው ወፍራም ቂጣ ጋገሩ፤ እንደ ቡና እስኪጠቁር አሳረሩት፤ ሰባበሩት። ዘሃራ «ገና ነው፣ ቀለሙ ከዚህ ይወጣል» እያለች ታዝዛለች፤ በጠላ ሞጣን ያስጨፈሩት ሴት እንደ ተማሪ ዝም ብለው ይታዘዛሉ። እኔ ውሃ ቀጂ ሆንኩ። ጋኑን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ እትዬ ትርንጎ አሽተው አራተኛ አሳጠቡኝ፤ የቀድሞ የጌሾ ሽታ እንኳ እንዳይኖር። ያረረውን ቂጣ ከእርሾ ጋር ዘፍዝፈን ከደንነው። ዓርብ ዘሃራ ከሶላት ስትመለስ በነጭ ጨርቅ አጠለልነው፣ ስኳሩን ጨመርንበት። ጾሜን ስፈታ ቀምሼ ደስ አለኝ፤ ግን ጠላ አይደለም። ማንም ሰው ጠላ ብሎ ሊሳሳት አይችልም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ መጡ። መደቡ ሞላ፣ ግቢው ሞላ፤ አጥር ላይ ተደግፈው የቆሙም ነበሩ። ይርጋ ከፊት ተቀምጦ «እንግዲህ የሞጣን ጠላ ትቀምሳላችሁ» እያለ ያወራል። እትዬ ትርንጎ መጀመሪያ ለእሱ ቀዱለት። 

ጎንጨት አደረገ። ቆመ። ጣሳው ውስጥ አየ። እንደገና ጎንጨት አደረገ።

«ትርንጎ፣ ይህ ጠላ አይደለም» አለ።

 እትዬ ትርንጎ ማንቆርቆሪያቸውን እንደያዙ ቆመው መለሱለት። «አዎ፣ ጠላ አይደለም። ስለት አለብኝ፤ ስለ ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ለእንግዳ የሚሆን ንጹሕ መጠጥ ግን ነው። ልጅቱን አትቆጣት፤ እንጨቱን ከነቀልክም አንተ ንቀለው፣ እኔ ሞክሬ አቅቶኛል።»

ይርጋ ጣሳውን መደቡ ላይ አስቀመጠ። ከጥግ በኩል ነጭ ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ጣሳቸውን ወደ ላይ ከፍ አደረጉ። «እኔን ይድገሙኝ እናቴ» አሉ። «ስብሰባ በተሰበሰብን ቁጥር ሰው ሁሉ ይጠጣል፣ እኔ ምራቄን እውጣለሁ። ዛሬ ገና እንግዳ ሆንኩ።» ሰዉ ሳቀ። ቀጥሎ የአንዱ መኪና ሹፌር «እኔም መሪ ይዤ የምጠጣው አገኘሁ» ብሎ አስቀዳ። ከዚያ በኋላ ማንቆርቆሪያው አላረፈም። ጋኑ እስኪገለበጥ ተጠጣ።

እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። የሚገባውን ሰው ሁሉ ፊቱን ሳይ አመሸሁ። መጀመሪያ ለእትዬ ትርንጎ ብዬ አበረን የምፈልግ መስሎኝ ነበር። አበረን ግን አላውቀውም። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲገባ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ሰው ነበር ዓይኔ የሚፈልገው፤ እሱ ደግሞ ምንይችል ነው። ናፍቆት እንዲህ እንደሚያም የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አላውቅም ኖሯል። ቀብሬው ስለነበር አልናፈቅሁትም ነበር።

እንግዶቹ ሲበተኑ ይርጋ ደብተሬን ጠየቀኝ። «ጠላ ቤት» ያልኩትን ሰርዞ «መጠጥ ቤት» ብሎ በራሱ እጅ ጻፈና ፈረመበት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የአበረን ስም ከዘማቾች ዝርዝር ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ኮታ ነበረብኝ» አለኝ። «ይህን እንጨት ማየት ጠልቼ ነው ትእዛዙን ያወጣሁት። እሷም ታውቃለች። ሁለት ዓመት በዚህ ባለፍኩ ቁጥር ሰላምታዬን ትመልስልኛለች።»  መልስ ሳይጠብቅ እንጨቱ ጋ ሄዶ የላላውን አፈር በእግሩ ደጋግሞ ረግጦ አጠበቀውና ሄደ።

እሑድ ቢቸና ገባሁ። እናቴ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጋዋኔን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። መጨረሻ ላይ፣ «እማ፣ እኔ እኮ አላውቅም። ሞቷል ብዬ አስለቀስኩሽ እንጂ አላውቅም» አልኳት።

ምስሩን መልቀም አላቋረጠችም። «እኔስ መቼ ሞቷል አልኩ?» አለች።

«ታዲያ ተዝካሩን ለምን ተቀበልሽ?»

«ደክሟችሁ ነበር። አባትሽ ደክሞት ነበር፣ አንቺም ደክሞሽ ነበር። እኔን ማየት አቅቷችሁ ነበርና ትረፉ ብዬ ነው። ለእናንተ ነው የተለቀሰው።» ሰፌዱን አስቀመጠችው። «በር መክፈት የተውኩትም ሰው አበደች እንዳይለኝ ነው። ተኝቼ ነው የማዳምጠው።»

ከተዝካሩ ወዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ሆነን፣ ከእኔ ተደብቃ ስትጠብቀው ኖራለች። ከሠራሁት ጥፋት ሁሉ የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው።

ሰፌዱን እንደገና አነሣችና፣ «ያች ሴትዮ ዘንድ ውሰጅኝ» አለችኝ።

በሚቀጥለው ወር ወሰድኳት። እትዬ ትርንጎ እጇን አስታጠቧት፣ ውሃ አቀረቡላት፣ እንጀራ አቀረቡላት። ሁለቱ ሴቶች በዓይን ተያዩ። እናቴ ልቅሶ ቤት እንደገባች ሁሉ አቀርቅራ ተቀመጠች። እትዬ ትርንጎ ግን አጽናኝ ቃል አልተናገሩም።

«ልጅሽ ምን መብላት ይወዳል?» አሏት።

እናቴ ቀና አለች። ከሄደ ጀምሮ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሁላችንም የጠየቅናት ስለ ወሬው፣ ስለ ጦሩ፣ ስለ ተዝካሩ ነበር። «ድንች» አለች። «ድንች በሰናፍጭ። ሰናፍጩ ካላስነጠሰው በላሁ አይልም። ዱባ ብትሰጪው ግን ሲበላ አታይውም፤ ከእንጀራው ሥር ይደብቃል።» ከዚያ ቀጠለች። በልጅነቱ ምን እንደሰረቀ፣ በጾም ጊዜ እንዴት እንደሚያስቸግር፣ ትኩስ ቂጣ እንዴት አፉን እንዳቃጠለው። ሳቀች፤ እናቴ ስትስቅ ጥርሷን አየሁት። እትዬ ትርንጎም የአበረን ነገሩን፤ እሱ የሚወደው የተልባ ፍትፍት ነው፣ ሌላ ሁሉ ለእሱ ቅራሪ ነው። ዘሃራ ከበሩ ላይ ቆማ «ተልባውን ማን ይወቅጥለት ነበር? እኔ ነኝ» አለች። ስንጫወት ዋልን፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አላየናትም።

ከዚያ ወዲያ እኔም ዝውውር ጠይቄ ሞጣ ገባሁ። እናቴ ቶሎ ቶሎ ትመጣለች። የእትዬ ትርንጎ ቤት ምግብ ቤትም ሆነ፤ በጾም ቀን ሁለት ምግብ ብቻ ይሠራል፦ ድንች በሰናፍጭና የተልባ ፍትፍት። የሚጠጣው ቀሪቦ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ መደብ ተቀምጦ ይጠጣል። ብዙ ሰው «እዚህ ቤት ለምን ሌላ አይሠራም?» ብሎ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ፤ ጣዕሙን ሲያመሰግንም ሰምቻለሁ። ለማን እንደተሠራ ግን አያውቅም።

ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን፣ ከባሕር ዳር በኩል በእግራቸው የሚመጡት በሞጣ ያልፉ ነበር። እናቴ ያን ጊዜ አንድ ወር ሙሉ ከእኛ ጋር ሰነበተች። ሁለቱ እናቶች የመጣውን ሁሉ አበሉ፤ ማንንም ከመብላቱ በፊት ከየትኛው ጦር ነህ ብለው አልጠየቁም። የበላውን ይጠይቃሉ፣ አያውቅም፣ መርቀው ይሸኙታል። ወሩ አለቀ። አበረም ምንይችልም አልመጡም። ሁለቱም እናቶች ዛሬ በሕይወት የሉም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ጠብቁ ነው ወይስ ቅበሩ የምትይን ብትሉኝ መልስ የለኝም። መጠበቅ ቀላል አይደለም፤ ሰው ይበላል፣ አይቻለሁ። እኔ የተማርኩት ትንሽ ነገር ነው። የሌላውን ሰው ተስፋ የደከመኝ እኔ ስለሆንኩ ብቻ አልዘጋበትም። አጠገባችሁ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ የሚጠብቀው ሰው ምን መብላት እንደሚወድ ጠይቁት። ሌላውን እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

እኔም አሁን ሸምግያለሁ። አዲስ የተዋወቅሁት ሰው ስለ ቤተሰብ ሲያወራ «ወንድም የለሽም?» ይለኛል። ድሮ «ሞቷል» ብዬ ነገሩን እዘጋው ነበር።

«አለኝ» እላለሁ አሁን፤ «ገና አልመጣም።»